የሜሪላንድ የቤት ግብር ማቃለያ፦ ሆምስቴድ አንድ ጊዜ፣ ሆምኦነርስ በየዓመቱ

ሜሪላንድ ውስጥ በራሱ ቤት የሚኖር ሰው የፕሮፐርቲ ታክሱን የሚያቃልሉለት ሁለት ዋና ክሬዲቶች አሉ። አንዱ ሆምስቴድ ይባላል፣ ሌላው ሆምኦነርስ። ስማቸው ስለሚቀራረብ አንዱን ሞልቶ «ጨርሻለሁ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነው። በተለይ በትንሽ ገቢ የሚኖሩ ጡረተኞች ሆምስቴድን ከዓመታት በፊት አስገብተው፣ ትልቁን ገንዘብ የሚያመጣውን ሆምኦነርስን ሳይጠይቁ ይኖራሉ። ሆምስቴድ ገቢን አይጠይቅም፣ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ያበቃል፣ ሥራውም ግብር የሚታሰብበት የቤቱ ግምት በአንድ ዓመት ዘሎ እንዳይወጣ መያዝ ነው። ሆምኦነርስ ግን ገቢን ያያል፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሞላል፣ የሚቀንሰውም ግብሩን ራሱን ነው። ሁለቱንም ለመሙላት የሚከፈል ነገር የለም። «እናስሞላልዎ» ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ በፖስታ ከመጣ ከመንግሥት አይደለም፤ ይጣሉት።

ወደ ፎርሙ ከመሄድ በፊት ማን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የቤቱን ዋጋ የሚገምተው በተለምዶ ኤስዳት (SDAT) የሚባለው የስቴቱ የግምትና የግብር መሥሪያ ቤት ነው። ቢሉን አውጥቶ ገንዘቡን የሚሰበስበው ደግሞ ካውንቲው ነው። በግምቱ ላይ ቅሬታ ይዞ ካውንቲ የሄደ ሰው ተሰልፎ ይመለሳል። ግምቱ በሦስት ዓመት አንዴ ይታደሳል፤ ስቴቱ በሦስት ተከፍሎ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛው ስለሚታይ የእርስዎና የወንድምዎ ዓመት ላይገጥም ይችላል። ማሳወቂያው የሚላከው በዲሴምበር መጨረሻ ነው። ጭማሪ ካለ በሦስቱ ዓመታት እኩል ተከፋፍሎ ይገባል፣ ቅናሽ ከሆነ ግን ወዲያው ይሠራል። የግብር ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምርና ጁን 30 ያልቃል። በቤቱ የሚኖር ባለቤት ግማሹን እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ቀሪውን እስከ ዲሴምበር 31 መክፈል ይችላል።

መጀመሪያ መዝገቡን ይክፈቱ

በኤስዳት ድረ ገጽ ላይ ያለው የሪል ፕሮፐርቲ ፍለጋ ለማንም ክፍት ነው። ካውንቲውን ይምረጡ፣ «በአድራሻ» የሚለውን ይምረጡ፣ የቤት ቁጥሩንና የመንገዱን ስም ያስገቡ። «ስትሪት»፣ «ሮድ»፣ «ድራይቭ» የሚለውን ቅጥያ ይተዉት፤ «አልተገኘም» የሚል መልስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው። ገጹ ሲከፈት ሦስት ቦታ ይዩ። ከላይ በባለቤቱ ስም አካባቢ ዋና መኖሪያ ለሚለው «የስ» ተብሎ እንደሆነ። መሃል ላይ የስኩዌር ፊቱ፣ የቤዝመንቱና የመታጠቢያ ቤቱ ቁጥር ከእውነተኛው ቤት ጋር ይገጥም እንደሆነ። ከታች ደግሞ የሆምስቴድ ማመልከቻው ሁኔታ፦ «አፕሩቭድ» ብሎ ቀን ከጻፈ ተፈቅዷል፣ «ኖ አፕሊኬሽን» ካለ እስከ ዛሬ ማንም አልሞላም።

ላይኛው «የስ» ሆኖ ታችኛው ባዶ የሆነ መዝገብ በጣም የተለመደ ነው። ቤት ሲገዛ ከሚፈረመው የወረቀት ክምር ውስጥ «ዋና መኖሪያዬ ነው» የሚል ቃል ስላለ ብዙ ሰው ያ ፊርማ ሆምስቴድን ያስገባለት ይመስለዋል። አያስገባም፤ ማመልከቻው ለብቻው ነው። ገጹን ሳይዘጉ የቤቱን የአካውንት ቁጥር ይገልብጡ፣ በሁለቱም ፎርሞች ላይ ይፈለጋል።

ሆምስቴድ

ማመልከቻው በኢንተርኔት ወይም በወረቀት ይሞላል። በዲዱ (በቤቱ የባለቤትነት ሰነድ) ላይ ስማቸው ያለ ባለቤቶች ሁሉና የትዳር ጓደኞቻቸው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠየቃል። አንዱ ከጎደለ ማመልከቻው ይንጠለጠላል፤ ቤቱን ከእህትና ከወንድም ጋር በጋራ ለገዙ ሰዎች የሚያስቸግረው ይኼ ነው። በቤቱ በዓመት ቢያንስ ስድስት ወር፣ ጁላይ 1ን ጨምሮ መኖር ያስፈልጋል። ባልና ሚስት ሁለት ቤት ቢኖራቸውም አንዱን ብቻ ነው ዋና መኖሪያ ማለት የሚችሉት። መንጃ ፈቃዱ፣ የምርጫ ምዝገባውና የገቢ ግብር አድራሻው ከቤቱ ጋር ካልገጠሙ ጥያቄ ይመጣል፤ ስለዚህ ከመሙላት በፊት መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን አድራሻ ያስተካክሉ። ቤቱ በድርጅት ስም ከተገዛ፣ ኤልኤልሲም ቢሆን፣ ክሬዲቱ አይሰጥም።

ስሌቱን በቁጥር እንየው። ግምቱ 400,000 ዶላር የነበረ ቤት በአዲሱ ግምት 550,000 ሆነ እንበል። የ150,000ው ጭማሪ በሦስት ይከፈልና ግምቱ በየዓመቱ 450,000፣ 500,000፣ 550,000 ይሆናል። ግብር የሚታሰብበት ግምት በሞንትጎመሪ ካውንቲ በዓመት ሊጨምር የሚችልበት ጣሪያ 10 በመቶ ስለሆነ ግብር የሚታሰብበት ከ440,000፣ ከ484,000 እና ከ532,400 አያልፍም። ከዚያ በላይ ያለው 10,000፣ 16,000 እና 17,600 ዶላር ላይ የሚታሰበው ግብር ክሬዲት ሆኖ ይቀነሳል። ለስሌት እንዲመች ከ100 ዶላር ግምት 1 ዶላር ግብር ብንይዝ 100፣ 160 እና 176 ዶላር ይመጣል። ብዙ አይደለም። ጣሪያው ዝቅ ባለበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ባልቲሞር ከተማ ጣሪያው 4 በመቶ፣ የግብር መጠኑ ደግሞ ከ100 ዶላር 2.248 ነው። ያው ቤት እዚያ ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከከተማው ግብር ላይ ወደ 764 ዶላር ይወርድለት ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ከ2,200 ዶላር ያልፋል። ፕሪንስ ጆርጅስ የዋጋ ንረትን እየተከተለ በየዓመቱ የሚለዋወጥ፣ ከ10 በመቶ በጣም ያነሰ ጣሪያ አለው።

ገዢዎች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው። ለ20 ዓመት በአንድ ቤት የኖረ ሻጭ ሆምስቴዱ ተጠራቅሞለት የሚከፍለው ግብር ትንሽ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሲሸጥ ያ ክሬዲት አብሮ ይሞታል። የሻጩን ቢል አይቶ «ግብሩ በዓመት ይኼን ያህል ነው» ብሎ ወርኃዊ ክፍያውን ያሰላ ገዢ በሚቀጥለው ጁላይ ይደነግጣል። ከመግዛትዎ በፊት ሙሉውን የግምት ዋጋ በካውንቲው የግብር መጠን ያባዙ፤ የእርስዎ ቢል ወደዚያ ይጠጋል። አዲስ ገዢ ክሬዲቱን ወዲያው አያገኝም፣ ባለፈው የካላንደር ዓመት ባለቤትነቱ ያልተዛወረ መሆን አለበትና። ኦገስት 2024 የተገዛ ቤት ለጁላይ 2025 ቢል አይደርስም፣ የሚደርሰው ለጁላይ 2026 ነው። ቢሆንም ማመልከቻውን ቁልፍ እንደተረከቡ ያስገቡት፤ ቆይቶ የሚረሳው እሱ ነው። በዲዱ ላይ ስም መጨመር ወይም ለልጅ ማዛወር ያሰበ ሰውም ከመፈረሙ በፊት ኤስዳትን «ሆምስቴዱ ይነካል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

የሞንትጎመሪ ነዋሪ ከሆኑ በቢሉ ላይ «ኢንካም ታክስ ኦፍሴት ክሬዲት» የሚል መስመር ይፈልጉ። መጠኑ ለብዙ ዓመታት 692 ዶላር ሆኖ የቆየ ሲሆን የሚሰጠው ኤስዳት ዋና መኖሪያ ብሎ ለመዘገበው ቤት ነው። መስመሩ ከሌለ መዝገቡ ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

ሆምኦነርስ

ገንዘብ ያለው እዚህ ነው፤ ጥንቃቄ የሚፈልገውም እዚሁ። የሚያመለክተው ሰው በቤቱ ላይ ሕጋዊ መብት ያለውና የሚኖርበት መሆን አለበት። የቤተሰቡ ጠቅላላ ዓመታዊ ገቢ ከ60,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፤ ሀብቱም ዕዳ ተቀንሶ፣ መኖሪያ ቤቱና ሕጋዊው የጡረታ ቁጠባ ሳይቆጠሩ፣ ከ200,000 ዶላር በታች መሆን አለበት። ከቤቱ ግምት የሚታየው የመጀመሪያው 300,000 ዶላር ብቻ ነው።

ስቴቱ በገቢዎ ልክ «ከዚህ በላይ መክፈል የለብዎትም» የሚል ገደብ ያወጣል። ገደቡ የሚሰላው እንዲህ ነው፦

ከገቢው የመጀመሪያው 8,000 ዶላር ላይ፦ 0
በሚቀጥለው 4,000 ላይ፦ 4 በመቶ፣ ማለትም 160 ዶላር
በሚቀጥለው 4,000 ላይ፦ 6.5 በመቶ፣ ማለትም 260 ዶላር
ከ16,000 በላይ ባለው ሁሉ ላይ፦ 9 በመቶ

ስለዚህ 16,000 ዶላር ገቢ ያለው ሰው ገደቡ 420 ዶላር ነው፣ 20,000 ያለው 780፣ 30,000 ያለው 1,680። አሁን ገቢያቸው 30,000፣ የቤታቸው ግምት 400,000 የሆነ ባልና ሚስት እንውሰድ። ግብሩ ከ100 ዶላር 1 ዶላር ከሆነ ሙሉው ቢል 4,000 ነው። የሚታየው የ300,000ው ግብር 3,000 ነው፤ ከሱ 1,680 ሲቀነስ 1,320 ዶላር ክሬዲት ይወጣል። የሚከፍሉት 2,680 ይሆናል። ሞንትጎመሪን ጨምሮ አንዳንድ ካውንቲዎች በዚሁ ማመልከቻ ላይ የራሳቸውን ጭማሪ ያክላሉ፣ ሌላ ፎርም አይጠየቅም። የቆሻሻ፣ የውኃና የመሳሰሉት ክፍያዎች በቢሉ ላይ ቢኖሩም ክሬዲቱ አይነካቸውም።

ከዚህ ስሌት አንድ በግልጽ የማይነገር ነገር ይወጣል። ጣሪያው 60,000 ነው ቢባልም በዚህ የግብር መጠን ገቢው 44,700 ገደማ ሲደርስ ገደቡ ራሱ 3,000 ዶላር ስለሚሆን ከስቴቱ የሚመጣው ክሬዲት ዜሮ ነው። ከ100 ዶላር 1.30 በሚከፈልበት ቦታ ያው መስመር ወደ 54,700 ከፍ ይላል። ስለዚህ «ከ60,000 በታች ነኝ» ብሎ ተስፋ ከማድረግ በፊት በወረቀት ላይ ማስላት ይሻላል። ለማንኛውም ያመልክቱ፤ የካውንቲው ጭማሪ ሊኖር ይችላል።

ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው «ገቢ» በሚለው ቃል ላይ ነው። እዚህ ገቢ ማለት ግብር የሚከፈልበት ብቻ አይደለም። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ኤስኤስአይ፣ ጡረታ፣ የሥራ አጥ ድጎማ፣ የባንክ ወለድ፣ ከ300 ዶላር ያለፈ የገንዘብ ስጦታ፣ ሌላ ሰው የከፈለልዎ ወጪ ሳይቀር ይቆጠራል። ልጅ በየወሩ የእናቱን ሞርጌጅ እየከፈለ እናት «ገቢዬ ሶሻል ሴኩሪቲ ብቻ ነው» ብላ ከሞላች ሒሳቡ አይገጥምም፤ የቤቱ ወጪ ከተጻፈው ገቢ ሲበልጥ «ልዩነቱን ማን ሸፈነው?» የሚል ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ልጁ የሚረዳውን ጽፎ ማስገባት ይሻላል፤ ተቆጥሮም ቢሆን ብዙ ጊዜ ክሬዲቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ሁለተኛው ጣጣ በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አብሮ የሚኖር አዋቂ ልጅ፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ጥገኛ ካልሆነ ሙሉ ገቢው በቤተሰቡ ገቢ ውስጥ ይገባል። ተመጣጣኝ የሆነ የቤት ኪራይ ወይም የምግብና የማደሪያ ክፍያ በቋሚነት የሚከፍል ከሆነ ግን የሚቆጠረው የከፈለው ብቻ ነው። ቤዝመንት ውስጥ የሚኖር የወንድም ልጅ ኡበር እየነዳ 38,000 ዶላር ቢያገኝ፣ ምንም ካልከፈለ 38,000ው በአክስቱ ላይ ይጫናል። በወር 700 የሚከፍል ከሆነ የሚታየው 8,400 ነው። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ከሄደ ማስረጃ የለም፤ በዜል ወይም በቼክ ይሁን፣ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ቢሆን ጥሩ ነው።

ሦስተኛው አገር ቤት ያለ ንብረት ነው። ከመኖሪያ ቤቱ ውጭ ያለ ቤትና መሬት፣ ሜሪላንድ ውስጥም ይሁን ሌላ ቦታ፣ በሀብት ይቆጠራል። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም ወይም ቢሾፍቱ ያለ ቪላ «እዚያ ነው፣ አይመለከታቸውም» ተብሎ የሚተው አይደለም። ከኪራዩ የሚገኘውም ገቢ ነው። ፎርሙ የሚፈረመው በሐሰት ምስክርነት ተጠያቂነት ስለሆነ ቤቱን በዶላር ገምተው ዕዳውን ቀንሰው ይጻፉት። ከ200,000 በታች ከሆነ ችግር የለም።

አራተኛው ደግሞ ዲዱ ነው። ልጆች ቤት ገዝተው ወላጆቻቸውን ሲያኖሩ ዲዱ በልጆች ስም ይሆናል። ልጆቹ በቤቱ አይኖሩም፣ ወላጆቹ ባለቤት አይደሉም፤ ስለዚህ ማንም ማመልከት አይችልም። ወላጁ በሕይወት እስካለ የመኖር መብት የሚሰጠው «ላይፍ ኢስቴት» በዲዱ ላይ ከተመዘገበ እንደ ባለቤት ይታያል። ይህ የሞርጌጅና የውርስ መዘዝ ስላለው በጠበቃ ነው የሚሠራው፣ ከኢንተርኔት በተገኘ ፎርም አይደለም።

ማመልከቻው ሲገባ የፌዴራል የገቢ ግብር ፎርም (1040) ከነአባሪዎቹ፣ የሶሻል ሴኩሪቲው ኤስኤስኤ-1099፣ የጡረታና የባንክ 1099ዎች ይያያዛሉ። የገቢ ግብር የማያስገባ ሰው የገቢ ማስረጃዎቹን ብቻ ያያይዛል። እስከ ኤፕሪል 15 የገባ ማመልከቻ ክሬዲቱ በጁላይ ቢል ላይ ተቀንሶ ይመጣል። የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 1 ነው። ከኤፕሪል 15 በኋላ ያስገባ ሰው መልሱን እየጠበቀ ቢሉን እንዳያሳልፍ፤ ይክፈል፣ ክሬዲቱ ሲፈቀድ የከፈለው ይመለስለታል። 70 ዓመት የሞላቸው ደግሞ ያለፉትንም ዓመታት፣ እስከ ሦስት ዓመት ወደኋላ፣ መጠየቅ ይችላሉ። በቤታችሁ ያሉ አዛውንት መሙላት የሚገባቸውን ዓመታት አሳልፈው ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኼ ነው።

ግምቱን መቃወም

አዲስ ግምት ሲመጣ ከማሳወቂያው ቀን ጀምሮ 45 ቀን አለ። ቤቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጁን 30 ባለው ጊዜ የተገዛ ከሆነ ገዢው ቤቱ ከተዛወረለት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ መቃወም ይችላል። ቤቱ እንደገና የሚገመትበት ተራ ባልሆነበት ዓመት ደግሞ እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያ የሥራ ቀን የግምገማ ጥያቄ ይቀርባል። የመጀመሪያው እርከን እዚያው ኤስዳት ነው፣ በጽሑፍ፣ በስልክ ወይም በአካል። እዚያ ያልረካ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ቦርዱ፣ ከዚያም በሌላ 30 ቀን ውስጥ ወደ ሜሪላንድ ታክስ ኮርት ይሄዳል። ልጅ ወላጁን ወክሎ ከቀረበ የተፈረመ የውክልና ደብዳቤ ይያዝ።

የሚያሸንፈው ክርክር ስለ ቤቱ ዋጋ ብቻ ነው። «ግብሩ በዛብኝ»፣ «ጡረተኛ ነኝ» የሚለው እዚህ ቦታ የለውም፣ ለሱ ሆምኦነርስ አለ። የግምቱን ማስሊያ ወረቀት ይጠይቁና ከቤቱ ጋር ያመሳክሩ፦ ያልተሠራ ቤዝመንት «የተሠራ» ተብሎ፣ ሁለት መታጠቢያ ሦስት ተብሎ ተመዝግቦ ይገኛል። ይህ ከተገኘ ክርክሩ ግማሽ አለቀ። ቀጥሎ ከጃንዋሪ 1 በፊት በቅርብ የተሸጡ፣ በስፋትና በዕድሜ የሚመሳሰሉ ሦስት ወይም አራት ቤቶችን ከነዋጋቸው ያቅርቡ። የሚያፈስ ጣሪያ ወይም የተሰነጠቀ መሠረት ካለ ፎቶና የጥገና ዋጋ ግምት ይጨምሩ።

ግን ከመድከም በፊት ሆምስቴዱን ያስቡ። ከላይ ያየነው 550,000 ዶላር ቤት በክርክር 530,000 ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግብር የሚታሰብበት ያው 440,000 እና 484,000 ነው። ለውጡ በሦስተኛው ዓመት 2,400 ዶላር ግምት፣ በግብር 24 ዶላር ብቻ ይሆናል። ትንሽ ቅናሽ ለማግኘት መከራከር የሚያዋጣው ሆምስቴድ ለሌለው አዲስ ገዢ ነው።

ድንበሩን ተሻግረው ዲሲ ለሚኖሩ ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ ሆምስቴድ ከግምቱ ላይ የተወሰነ መጠን ይቀንሳል፤ በ2025 የግብር ዓመት 89,850 ዶላር ነበር፣ ከ100 ዶላር 0.85 ሲታሰብ ወደ 764 ዶላር ግብር ነው። ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 የገባ ሙሉውን ዓመት፣ ከዚያ በኋላ የገባ ግማሹን ያገኛል። 65 ዓመት የሞላው ባለቤት ገቢው ከገደቡ በታች ከሆነ ግብሩ በግማሽ ይወርዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ማቃለያው በዋናነት ለ65 ዓመት በላይ ላሉና ለአካል ጉዳተኞች ሲሆን የገቢና የሀብት ገደቡን የሚያወጣው እያንዳንዱ ካውንቲና ከተማ ነው።

ክሬዲቱ ከተፈቀደ በኋላ

ሞርጌጅ ያለው ሰው ግብሩን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በኤስክሮው (ባንኩ ከወርኃዊው ክፍያ ላይ ለግብር እየሰበሰበ በሚይዘው ሒሳብ) ስለሆነ ክሬዲቱ ተፈቅዶም ወርኃዊ ክፍያው አይንቀሳቀስም። ባንኩ ኤስክሮውን የሚያሰላው በዓመት አንዴ ነው። አዲሱ ቢል ጁላይ ላይ ሲወጣ ከካውንቲው ድረ ገጽ ያውርዱት፣ ለሞርጌጁ ድርጅት ይላኩትና የኤስክሮው ስሌቱ እንደገና እንዲሠራ በጽሑፍ ይጠይቁ። ባንኩ ሙሉውን ግብር ከከፈለ በኋላ ክሬዲቱ የመጣ ከሆነ ተመላሹ ለማን እንደተላከ ካውንቲውን ይጠይቁ። ቼኩ በእርስዎ ስም ከመጣ የሚቀጥለው የኤስክሮው ስሌት እስኪወጣ አያጥፉት፤ ባንኩ ጉድለት ካገኘ በወርኃዊው ላይ ጨምሮ ይጠይቅዎታል።